የቁጠባና ንግድ ክበብ የ2017 ዓ.ም. ዘገባ፦ ምክርን በሚዛን

የተማሪዎች ክበባችን ዘንድሮ የያዘው ሥራ አንድ ነው። ስለ ገንዘብ ከሚነገረን ምክር የሚረባውን ከማይረባው በእርሳስና በወረቀት ለየን። «ልጆቹን ገንዘብ ወዳድ ታደርጓቸዋላችሁ» ያሉን ወላጆች ነበሩ። ልጆቹ ግን ምክሩን ከክበቡ ውጭም ይሰሙታል፤ ከሬዲዮ፣ ከባጃጅ ሹፌር፣ ከአጎት፣ ሻይ ቤት በራፍ ላይ ከተለጠፈ ወረቀት። ክበቡ የጨመረላቸው ማስላቱን ነው።

አባሎቻችን 41 ናቸው። ረቡዕ ረቡዕ ከ9:30 ጀምሮ 26 ጊዜ ተሰብስበናል፤ ቃለ ጉባኤው በጽሕፈት ቤት ስላለ እዚህ አልደግመውም።

ሥራችን ያለው ጥቁሩ መዝገብ ውስጥ ነው። ለእያንዳንዱ ምክር አንድ ገጽ ተሰጥቶታል፤ ማን ተናገረው፣ መቼ፣ ምክሩን ብንቀበል ገንዘቡ ወደ ማን ይሄዳል የሚለው ከላይ ይጻፋል፤ ስሌቱ ከታች። 63 ምክሮች ተመዝግበው ያለፉት 14 ናቸው።

ብዙዎቹ የወደቁት በቀናቸው ነው። ለምሳሌ በባንክ ቁጠባ ላይ የተጻፈ አንድ ወረቀት ወለዱን 5 በመቶ አድርጎ ያሰላል፤ ዝቅተኛው የቁጠባ ወለድ በጥቅምት 2010 ወደ 7 በመቶ ከፍ ስላለ ስሌቱ በሙሉ ያረጀ ነው። ሌሎቹ የወደቁት በአገራቸው ነው። ስለ ክሬዲት ካርድ ዕዳ የሚመክረው ለተጻፈበት አገር ሰው ልክ ሊሆን ይችላል፤ ሐዋሳ ላለ፣ ዕዳው ሰፈር ሱቅ የዱቤ ደብተር ላይ ለተጻፈበት ቤተሰብ ግን አይሠራም። አክሲዮን ግዙ የሚለውንም መዝግበን ነበር። የኢትዮ ቴሌኮም ድርሻ በጥቅምት 2017 ለሽያጭ ሲቀርብ አንዱ 300 ብር፣ ትንሹ ግዢ 33 አክሲዮን ስለነበር መነሻው 9,900 ብር ሆነ። ምክሩን ውሸት አላልነውም፤ «ለእኛ ገና» በሚለው ገጽ ላይ ተቀመጠ።

«በቀን 1 በመቶ ትርፍ» የሚለውን አንድ የ10ኛ ክፍል ተማሪ በካልኩሌተር አወጣው። ትርፉ ሳይወጣ እየተደመረ ከሄደ 1,000 ብር በ365 ቀን 37,783 ብር ይሆናል። እንዲህ የሚያተርፍ ሥራ ያለው ሰው የእኛን 1,000 ብር ለምን ይለምናል? ቻርልስ ፖንዚ በ1920 እ.ኤ.አ. ቦስተን ላይ በ45 ቀን 50 በመቶ ይከፍል የነበረው አዲስ ከሚገቡ ሰዎች በወሰደው ገንዘብ ነበር፤ አዲስ ገንዘብ መግባቱ ሲቋረጥ ሁሉም ነገር ቆመ።

ወላጆች ልብ እንዲሉልን የምንፈልገው የብድሩን ገጽ ነው። 10,000 ብር በ15 በመቶ ለ12 ወር ተበድረን በየወሩ ዋናውን እኩል ብንከፍል፣ ወለዱ በቀሪው ዕዳ ላይ ሲሰላ 812.50 ብር ይመጣል። በመጀመሪያው ብድር ላይ ሲሰላ ግን 1,500 ብር ነው። ሁለቱም «15 በመቶ» ይባላሉ። ስለዚህ ከመፈረም በፊት የሚጠየቀው «ወለዱ ስንት ነው?» ብቻ ሳይሆን «በየትኛው ገንዘብ ላይ ነው የሚሰላው?» ጭምር ነው።

በመጋቢት ወር ሐይቁ ዳር ወዳለው የአሳ ገበያ፣ ወደ አሞራ ገደል ወረድን። የምንፈትነው ምክር «ቆሮሶ አሳ በኪሎ 120 ገዝተህ ፊሌቶውን በ350 ሽጥ፤ በኪሎ 230 ብር ታተርፋለህ» ይል ነበር። በመዋጮ 600 ብር አምስት ኪሎ ገዛን፤ ሚዛኑን ከአንድ ባለሱቅ ተዋስን። የአንዲት የ9ኛ ክፍል አባላችን እናት እዚያው አሳ ስለሚያጸዱ ሥራውን እሳቸው ያዙልን። አባ ኮዳዎቹ፣ ትልልቆቹ ወፎች፣ ዙሪያችንን ቆመው ይጠብቁ ነበር። ሲጨረስ ፊሌቶው 1.7 ኪሎ ብቻ ሆነ። ምክሩን የጻፈው ሰው አሳው ጭንቅላት፣ አጥንትና ሆድ ዕቃ እንዳለው ረስቶ አንድ ኪሎ ገዝቶ አንድ ኪሎ ሸጧል። ፊሌቶውን መምህራን በ350 ሒሳብ ሲገዙት 595 ብር ተገኘ፤ 2.2 ኪሎ ጭንቅላትና አጥንት ለሾርባ በ30 ብር ሒሳብ 66 ብር አወጣ፤ ቀሪው ለአባ ኮዳ። በአንድ ላይ 661 ብር። ከዚህ ላይ 600 የአሳው፣ 30 የበረዶው፣ 50 አሳውን ያመጣው ባጃጅ ሲቀነስ 19 ብር ኪሳራ።

ልጆቹ መዝገቡን ሊዘጉ ሲሉ፣ ዓመቱን ሙሉ ድምፅዋን ያልሰማነው ያቺው አባላችን እጇን አወጣች። «የእማዬ 35 ደቂቃ የት ተጻፈ?» አለች። ሰዓቱን ይዛው ኖሯል። ማንም አልተናገረም። እናቷ ቢላዋቸውን እያጠቡ ቀና ብለው አዩዋት፤ ከዚያ ጎንበስ አሉ። ጸሐፊው አንድ መስመር ጨመረ፦ የማጽጃ፣ በኪሎ 10 ብር፣ 50 ብር። ኪሳራው 69 ሆነ። ያለ ትርፍና ያለ ኪሳራ ለመውጣት አሳው በኪሎ ከ106 ብር መብለጥ እንደሌለበት ስሌቱን ሠርታ ያሳየችንም እሷ ነች። ያ ገጽ ከ14ቱ አንዱ ነው፤ የራሷ ምክር ሆኖ አልፏል።

ያልተሳካውም አለ። የክበቡ ዕቁብ፣ 20 ሰው በሳምንት 20 ብር፣ በጥር ወር ቆመ። ቀድመው 400 ብር የደረሳቸው ሦስት ልጆች መጣል አቆሙ፤ ዕጣ ስናወጣ ዋስ አልጠየቅንም ነበር። የቀሩት ልጆች ገንዘብ ተመልሷል።

ለዓመቱ የተመደበልን 600 ብር ነው። 480ው ተማሪዎችን ላመላለሰው ባጃጅ ስለሄደ አሞራ ገደልን ያዩት 18 ልጆች ናቸው፤ 23ቱ ግቢ ቀሩ። ለ41 ልጅ 7 ካልኩሌተር አለን። የስፖርት ክበቡ አዲስ ማልያ ሲለብስ አብረን አጨብጭበናል፤ የኛ ልጆች ግን መዛኝ ሆነው ሚዛን የላቸውም። ለ2018 የምንጠይቀው አምስት ኪሎ የሚመዝን አንድ ዲጂታል ሚዛን፣ 14 ካልኩሌተር፣ የሚቆለፍ አንድ ሣጥንና ለሁለት ጉዞ መጓጓዣ ነው። ጥቁሩ መዝገብ በቤተ መጻሕፍት አለ፤ ሊፈርምበት ያሰበው የብድር ውል ያለው ወላጅ ረቡዕ ይዞት ቢመጣ ልጆቹ አብረውት ያሰሉታል።