ለወራት ስለማይድኑ የእግር ቁስሎች ለጤና ሚኒስቴር የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

ለኢትዮጵያ ፌዴራላዊ ዴሞክራሲያዊ ሪፐብሊክ ጤና ሚኒስቴር
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ሥር የሰደደ የእግር ቁስል በጤና ጣቢያዎች የሚታከምበት አሠራር እንዲስተካከል ስለመጠየቅ

በቁስል ሕክምና ላይ የምሠራ ነርስ ነኝ። በስኳር በሽታ ወይም በሥጋ ደዌ ምክንያት እግራቸው የቆሰለ ሰዎች ፀረ ባክቴሪያ መድኃኒት እየተቀያየረላቸው፣ አንዳንዴም ዴክሳሜታዞን የተባለው እብጠት የሚያበርድ ስቴሮይድ መድኃኒት እየተጨመረላቸው ለወራት ሲመላለሱ አያለሁ። ይህ አሠራር ቁስሉ ውስጥ ከሚካሄደው ነገር ጋር አይገጥምም፤ ለምን እንደማይገጥም ማስረዳትና ሚኒስቴሩን ጥቂት ነገር መጠየቅ እፈልጋለሁ።

የጤነኛ ሰው ቆዳ ሲቆረጥ ፈውሱ የሚጀምረው በብግነት፣ ማለትም ቦታው በመቅላቱና በማበጡ በሚታወቀው የሰውነት መከላከያ ምላሽ ነው። ደሙ በረጋ በሰዓታት ውስጥ ኒውትሮፊል የተባሉት ነጭ የደም ሕዋሳት ይደርሳሉ፤ ከሁለት ከሦስት ቀን በኋላ ማክሮፌጆች፣ ማለትም ባክቴሪያንና የሞተ ሕዋስን የሚውጡ ሌሎች የመከላከያ ሕዋሳት ይበዛሉ። ኮክስ 2 የተባለው ኢንዛይም ከሕዋሳት ሽፋን የሚለቀቀውን አራኪዶኒክ አሲድ ወደ ፕሮስታግላንዲን የሚያመራ ሥራ ይሠራል፤ ለመቅላቱ፣ ለማበጡና ለሕመሙ ይህ ትልቅ ድርሻ አለው። አስፕሪን የሚያስታግሰው ይህንኑ ምርት በማገድ መሆኑን ጆን ቬን እ.ኤ.አ. በ1971 አሳይቶ በ1982 የኖቤል ሽልማት ተጋርቷል። ሌላው ወገን ማትሪክስ ሜታሎፕሮቲኔዝ የሚባለው፣ ያለ ዚንክ የማይሠራ የኢንዛይም ቤተሰብ ነው። የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው አባል የታወቀው እ.ኤ.አ. በ1962 ጄሮም ግሮስና ሻርል ላፒየር የእንቁራሪት ግልገል ሲያድግ ጅራቱ እንዴት እንደሚጠፋ በመረመሩበት ጊዜ ነበር። እነዚህ ኢንዛይሞች የተጎዳውን ኮላጅን፣ ማለትም ቆዳን አጽንቶ የሚይዘውን ፕሮቲን ቆራርጠው ያነሣሉ፤ ከቁስሉ ዳር ወደ መሐል ለሚጓዙት የቆዳ ሕዋሳትም መንገድ ይከፍታሉ።

ችግሩ ሥራቸውን ጨርሰው መቀነስ ሲገባቸው ሳይቀንሱ ሲቀሩ ነው። በስኳር ወይም በሥጋ ደዌ ነርቩ ተጎድቶ ስሜቱን ባጣ እግር ላይ በየእርምጃው የሚያርፈው ጫና፣ ያልተነሣው የሞተ ሥጋ፣ በቁስሉ ላይ ተጣብቆ ሽፋን የሠራው ባክቴሪያ ኒውትሮፊሎችን ያለማቋረጥ ይጠራሉ፤ ኒውትሮፊሎቹም ኢላስቴዝ የተባለ ሌላ ፕሮቲን ቆራጭ ኢንዛይምና ሜታሎፕሮቲኔዝ እየረጩ ይቀጥላሉ፣ እነዚህን ሊገታ የሚገባው ቲምፕ የተባለው ፕሮቲን ግን ያንሳል። በዚህ ጊዜ አዲስ የተሠራው ኮላጅንና ሕዋሳት የሚጣበቁበት ፋይብሮኔክቲን የተባለው ፕሮቲን፣ ሕዋሳት እንዲባዙ የሚያዙት የዕድገት ፕሮቲኖችም ሳይቀሩ ይቆራረጣሉ። ፋሻውን የሚያርሰው ፈሳሽ ራሱ ኢንዛይም የበዛበት በመሆኑ የቁስሉን ዳር ያላላል። በየሰፈሩ እንደሚደረገው የፀረ ባክቴሪያ ካፕሱል ፈትቶ ዱቄቱን መነስነስ ከዚህ አንዱንም አያነሣም።

ዴክሳሜታዞን ደግሞ ነገሩን ያወሳስበዋል። እብጠቱንና ሕመሙን ስለሚያበርድ የተሻለ ይመስላል፤ ነገር ግን ማክሮፌጆችን ያዳክማል፣ የኮላጅንን ሥራ ያቀዛቅዛል፣ ስኳርን ከፍ ያደርጋል፣ ኢንፌክሽንንም ይሸፍናል። ስቴሮይድ ስላልሆኑት የሕመም ማስታገሻዎች፣ ስለ ዳይክሎፌናክና ስለ አይቡፕሮፌን በዚህ ደረጃ አልናገርም፤ በቆዳ ቁስል ላይ የተደረጉት ጥናቶች ውጤታቸው የተለያየ ስለሆነ ሕመም ላለበት ሰው ለአጭር ጊዜ መስጠትን አልቃወምም። ዴክሳሜታዞን ያለ ማዘዣ ሲሸጥ ግን ዝም ሊባል አይገባም፤ ስለዚህ ሚኒስቴሩ ከምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን ጋር ሆኖ ቁጥጥሩን እንዲያጠብቅ እጠይቃለሁ።

ዋናው ጥያቄዬ የሚመለከተው ጤና ጣቢያዎችን ነው። ለባለሙያዎቹ በሚሰጠው ሥልጠና ውስጥ የሞተውን ሥጋ በምላጭ ማንሣት፣ ቁስሉን በየጊዜው በማስመሪያ መለካትና ከእግር ላይ ጫናን ማንሣት ከመድኃኒት ማዘዝ እኩል ቦታ ይሰጣቸው። በስኳር ምክንያት የመጣ የእግር ቁስል በአራት ሳምንት ሕክምና ስፋቱ በግማሽ ካልቀነሰ በአሥራ ሁለት ሳምንት የመዳን ዕድሉ ጠባብ መሆኑ ስለሚታወቅ፣ እንዲህ ያለው ሰው የደም ሥሩ ወደሚመረመርበት ሆስፒታል በጊዜ ይላክ እንጂ ሌላ ፀረ ባክቴሪያ አይጨመርለት። ጫና ማንሣትን በተመለከተ ከውጭ የሚመጣ ነገር አንጠብቅም፤ ደሙ በደንብ በሚደርሰውና ኢንፌክሽን በሌለበት እግር ላይ እስከ ጉልበት የሚታሰር ጀሶ የውስጥ እግር ቁስልን እንደሚያድን በሥጋ ደዌ ሕክምና ከታወቀ ብዙ አሥርት ዓመታት አልፈዋል፣ እ.ኤ.አ. በ1965 ለዚሁ በሽታ የተመሠረተው አለርት ሆስፒታልም እዚሁ አዲስ አበባ ነው።

ኢንዛይሞቹን በቀጥታ የሚገቱ የቁስል መሸፈኛዎችም አሉ። ሱክሮዝ ኦክታሰልፌት ያለበት መሸፈኛ እ.ኤ.አ. በ2018 በታተመ፣ በአምስት የአውሮፓ አገሮች 240 የስኳር ሕመምተኞችን ባሳተፈ ጥናት በ20 ሳምንት 48 በመቶውን ቁስል ሲዘጋ በማነጻጸሪያው ወገን የተዘጋው 30 በመቶ ነበር። ውጤቱ ጥሩ ነው፤ ሆኖም ምላጩ፣ ጀሶውና ማስመሪያው በየጤና ጣቢያው ሳይሟሉ ውድ መሸፈኛ ለመግዛት በጀት ቢያዝ ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ ይሆናል። ሚኒስቴሩ ከቀጣዩ በጀት ዓመት በፊት በዚህ ጉዳይ ያለውን አቋም በይፋ እንዲያሳውቀን በአክብሮት እጠይቃለሁ።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የቁስል ሕክምና ነርስ

ግልባጭ፦ ለኢትዮጵያ ምግብና መድኃኒት ባለሥልጣን