ሳህኖቻችሁ እኔ ጋ ናቸው

ሕዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.
ስዋናኖዋ፣ ሰሜን ካሮላይና

ለሰፈራችን ሰዎች፣ ከሻርሎት ለደረሳችሁልን ወገኖች፣ ስማችሁን እንኳ ሳልጠይቅ ለሄዳችሁትም ሁሉ፤

ይህን የምጽፈው በአማርኛ ነው። ግማሾቻችሁ አማርኛ እንደማታነቡ አውቃለሁ። የአሥራ ሦስት ዓመቷ ልጄ በር ለበር እየዞረች ልትተረጉምላችሁ ቃል ገብታለች። በነፃ አይደለም፣ በአሥር ዶላር ተስማምተናል። እኔ በእንግሊዝኛ ማመስገን ስጀምር "ታንክ ዩ" ብዬ አልቃለሁ። በአማርኛ ግን እግዜር ይስጥልኝ አለ፣ ክፉ አይንካችሁ አለ፣ ውለታችሁን በልጆቻችሁ ይክፈላችሁ አለ። ልጄ ይህን እንዴት እንደምትተረጉመው የራሷ ጉዳይ ነው።

ሰኞ ዕለት "የቧንቧው ውኃ አሁን ይጠጣል" ተባለ። አውሎ ነፋሱና ጎርፉ ከመቱን በ53 ቀኑ መሆኑ ነው። እናቴ አላመነችም። ብርጭቆ ሞላች፣ ወደ መብራቱ ከፍ አድርጋ አየች፣ አሸተተች። ከዚያ ጀበናዋን ጣደች። የመጀመሪያውን ስኒ ለእኔ አልሰጠችኝም። መንገዱን ተሻግራ ለጎረቤታችን ወሰደችላቸው። እኔም ከእሳቸው ልጀምር ነበር፤ ነገሩ ግን ከመስቀል ነው የሚጀምረው።

ከሩቅ ለምታነቡት፦ ስዋናኖዋ ከአሽቪል በስተምሥራቅ፣ በብሉ ሪጅ ተራሮች መሐል ያለች፣ አምስት ሺህ ገደማ ሰው የሚኖርባት ትንሽ ቦታ ናት። በመሐሏ በስሟ የሚጠራ ወንዝ ያልፋል። ድሮ ቢከን የሚባል የብርድ ልብስ ፋብሪካ ነበራት። በፈረንጅ 2002 ተዘጋ፣ በዓመቱ ደግሞ እሳት በላው። ሠራተኞቹ ይኖሩባቸው የነበሩት ትናንሽ ቤቶች ግን አሁንም አሉ። እኛም በአንዷ ነን። እዚሁ አካባቢ ሚቸል የሚባል ተራራ አለ። 2,037 ሜትር ነው፤ ከሚሲሲፒ ወንዝ በስተምሥራቅ የሚበልጠው የለም ይላሉ። እናቴ በሰኔ ከደብረ ታቦር ስትመጣ ይህንን በኩራት ነገርኳት። "ደብረ ታቦርስ?" አለችኝ። ይበልጠዋል አልኳት። ከዚያን ቀን ጀምሮ "ኮረብታው" ነው የምትለው።

አሁን አንድ ነገር ልናዘዝ። ከጆርጂያ ወደዚህ ከመጣን ስድስት ዓመታችን ነው፤ እና ስድስት ዓመት ሙሉ ስማችሁን አጥፍቻለሁ። ክፉ ናችሁ አላልኩም። ፈገግታችሁ እስከ በረንዳ ድረስ ነው እል ነበር። መኪና እየነዳችሁ ከመሪው ላይ አንድ ጣት ብድግ አድርጋችሁ ሰላም ትላላችሁ። "እንዴት ነሽ?" ትላላችሁ፣ መልሱን ሳትሰሙ ታልፋላችሁ። "አንድ ቀን ቤት መምጣት አለባችሁ" ትላላችሁ፣ ቀኑ አይመጣም። በስልክ ለእህቴ "እዚህ ሰው ብትሞቺም በፈገግታ ነው የሚያልፍሽ" ብያታለሁ። ልጆቻችሁ ታላቅ ሰው ሲያናግሩ "የስ ማም" ማለታቸውን፣ ከስም በፊት "ሚስ" ብለው መጥራታቸውን ግን ወድጄው ነበር። እትዬ እንደማለት ነው።

መስቀል ዘንድሮ አርብ ዋለ። ሐሙስ ማታ እናቴ ደመራ ይለኮስ አለች። ዝናቡ ከረቡዕ ጀምሮ አላባራም፤ በዚያ ላይ ሄሊን የተባለው አውሎ ነፋስ ፍሎሪዳ ሊገባ ነው እየተባለ ነበር። ፍሎሪዳ ከእኛ የት ናት ብዬ ተኛሁ። እናቴ በረንዳው ላይ አንድ እፍኝ እንጨት አሥራ ለኩሳ፣ "ወዴት እንደሚወድቅ እንይ" ስትል ልጆቹ ሳቁባት። በነፋስ ጠፋባት።

ጠዋት ላይ ከቤታችን ፊት ያለው ትልቁ የኦክ ዛፍ መኪናዬ ላይ ተጋድሞ አገኘነው። እናቴ በመስኮት አየችና "ይኸው ወደቀ" አለች።

ከዚያ በኋላ ያለውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። መብራት የለም፣ ውኃ የለም፣ ስልክ የለም። ወንዙ በ1916 (በፈረንጅ) አድርሶት ከነበረው ከፍታም አለፈ። ከቤታችን ጀርባ ያለችው፣ ልጄ ዘሎ የሚሻገራት ምንጭ ቤዝመንታችንን እስከ አራተኛው ደረጃ ሞላችው። የእኛ የጠፋው ዕቃ ነው። ወደ ታች፣ ወንዙ ዳር የነበራችሁት ቤት ብቻ አይደለም ያጣችሁት። ለእናንተ ምስጋና ሳይሆን እግዜር ያጥናችሁ ነው የምለው፤ በየቤታችሁ መጥቼ እላለሁ።

ባለ ፒክአፑ፣ እርስዎ ዝናቡ ገና ሳያባራ የሞተር መጋዝዎን ይዘው ብቅ አሉ። ማንም አልጠራዎትም፤ በምን ይጠራዎታል? ከላይ ጀምረው ዛፍ እየቆረጡ፣ መንገዱን እየከፈቱ መጡ። የእኛን ዛፍ ሲጨርሱ ገንዘብ ላወጣ ቦርሳዬን ከፈትኩ። ዝንብ እንደሚያባርር ሰው እጅዎን አወናጨፉና ወደሚቀጥለው ቤት ሄዱ። አንድ ቃል አልተነፈሱም። እስከ ዛሬም ድምፅዎን አላውቀውም።

በመንገዱ ጫፍ ያለኸው ባለ አንቴናው፣ ይቅርታህን እፈልጋለሁ። ጣሪያህ ላይ ያለውን ሽቦ እያየሁ "ይሄ ሰውዬ ማንን ነው የሚሰልለው?" እያልኩ ለባለቤቴ አምቼሃለሁ። ባለቤቴ የጭነት መኪና ይዞ ቴኔሲ ነበር። አይ-40 የሚባለው አውራ ጎዳና በፒጅን ወንዝ ሸለቆ ተደርምሶ ነበር፤ አይ-26 ላይ ያሉትንም ድልድዮች ጎርፍ ወስዷቸዋል። እሱ እንሙት እንኑር አያውቅም። አንተ ቅዳሜ ጠዋት በሩን አንኳኳህ። "የሩቅ ዘመድ ቁጥር ስጪኝ" አልከኝ። በዚያ ሬዲዮህ፣ ሚቸል ተራራ ላይ ባለው ማስተላለፊያ በኩል፣ የማላውቀው ሰው ስልክ ወደሚሠራበት አገር መልእክቱን አቀበለ። ባለቤቴ "አራቱም ደህና ናቸው" የሚለውን የሰማው ኖክስቪል ነዳጅ ማደያ ውስጥ ቁጭ ብሎ ነው። አለቀስኩ አይልም፤ እኔ ግን አውቀዋለሁ። በአትላንታ ዞሮ፣ በደቡብ ካሮላይና በኩል ሽቅብ ወጥቶ ማክሰኞ ማታ ቤቱ ገባ።

ለሁለቱ ጎረምሶች፦ በየማለዳው በራችን ላይ ሁለት ባልዲ ውኃ ታስቀምጡ ነበር። ለሽንት ቤት ነበር፤ ከምንጩ እየቀዳችሁ። እናቴ "ሰው ነው ወይስ መልአክ?" እያለች ሳታያችሁ አሥር ቀን አለፈ። አንድ ቀን አድፍጣ ያዘቻችሁና ጉንጫችሁን ግራ ቀኝ ሳመቻችሁ። ደንግጣችሁ ነበር። በነጋታውም መምጣታችሁን አልረሳውም።

ቅዳሜ የመስቀል ዶሮ ነበር። አርብ ጾም ስለሆነ ለቅዳሜ ነበር ያቆየነው፤ ቁሌቱ ሐሙስ በስሏል፣ ዶሮው ፍሪዘር ውስጥ እየቀለጠ ነው። የሰፈሩም ፍሪዘር ሁሉ እየቀለጠ ነበር። ሁላችሁም ግሪላችሁን ወደ መንገድ አውጥታችሁ ያላችሁን ሥጋ ትጠብሳላችሁ። እኔም ድስቴን ይዤ ወጣሁ። አንዱ ጋዙን ለቀቀልኝ። የአጋዘን ሥጋ ጋበዛችሁን፤ እናቴ በእጇ ሆዷን እያሳየች "ጠግቤአለሁ" አለች። ያልጠገበች መሆኗን እኔ አውቃለሁ፤ በማን እንደታረደ አላወቀችም፣ ያ ነው ነገሩ። የእኛን ዶሮ ግን በላችሁ። እንቁላሉን ማን ያግኝ የሚል ጠብ ሊነሳ ነበር። በስድስት ዓመት ውስጥ ሳንቀመጥ የቀረንበት ማዕድ መንገድ መሐል ሆነ።

አሁን ከመንገዱ ማዶ ወዳሉት ጎረቤታችን። "ስሜ አይጠራ" ብለዋልና አልጠራም። እርስዎ መንገዱን ተሻግረው የመጡት እሁድ ማታ ነው። ተራራ ላይ ብርዱ ቀድሞ ይገባል። አንድ የታጠፈ ብርድ ልብስ ይዘው መጡ። የቢከን ነው አሉኝ፤ ከሃያ ዓመት በላይ እዚያ ሠርተው እንደነበር ያን ዕለት ነገሩኝ። ሰላም ስንባባል ስድስት ዓመት፣ የት ይሠሩ እንደነበር አልጠየቅሁም ነበር። እናቴ በሻማ እየፈተለች ነበር። ጥጧንና እንዝርቷን ይዛ ነው አሜሪካ የመጣችው፤ ኤርፖርት ላይ ምን እንደሆነ ለማስረዳት መከራዬን አይቻለሁ። እርስዎ እንዝርቱን አዩት። ቁጭ አሉ። ክሩን በሁለት ጣትዎ ይዘው አሻሹት፣ ጠበቅ አድርገው ሳቡት። ከዚያ እናቴን አዩና ራስዎን ነቀነቁ። እናቴም ብርድ ልብሱን ገልብጣ ጠርዙን አየች፣ አሸችው፣ እሷም ነቀነቀች። ላስተረጉም ጠጋ ስል እናቴ "አንቺ ዞር በይ" አለችኝ። አንድ ሰዓት ተኩል ሳይነጋገሩ ተጫወቱ። ከዚያ በኋላ በየማታው ነው። እናቴ ዛሬም ስምዎን በትክክል መጥራት አትችልም፤ "እህቴ" ነው የምትልዎ።

ስለ በቅሎዎቹም ሳልጽፍ አላልፍም። መኪና መግባት ያቃተው ገደል ላይ ላሉ ቤቶች ዕቃ የሚያደርሱ በቅሎዎች እዚሁ ሰሜን ካሮላይና ካለችው ማውንት ኡላ መጥተው ነበር። ከእሳት አደጋ ጣቢያው ውኃና ዳይፐር ልንቀበል ስንሄድ እናቴ ጭነት የተጫነች በቅሎ ፊት ለፊት አየች። ቆመች። "አሜሪካ አሜሪካ ስትሉኝ" አለች፣ "ለካ በመጨረሻ በቅሎ ናት የምታወጣችሁ።" ጭነቱ ወደ ግራ ማዘንበሉንም አየች፤ በምልክት ነገረቻቸው። ባለ በቅሎው ሄዶ ቀበቶውን አጠበቀ። ባለ በቅሎው፣ ስላልተቆጣኸን አመሰግናለሁ።

የሻርሎት ልጆች፣ እናንተ የሁለት ሰዓቱን መንገድ በስንት ሰዓት እንደመጣችሁት ታውቃላችሁ። ውኃ፣ ጀነሬተር፣ የሕፃን ወተት፣ እና በካርቶን የታሸገ እንጀራ። ሽሮውን ስታወርዱ እናቴ እልል አለች። ፍሪጅ የማይፈልግ፣ በትንሽ ውኃ የሚደርስ ምግብ ማን ያመጣል? "ለማን ነው የምንሰጠው፣ ለአበሻ ብቻ ነው?" ብሎ አንዱ ሲጠይቅ ሌላው "በሩ ክፍት የሆነ ሁሉ" አለ። ያን የተናገርከው ልጅ፣ እናትህ ትኑርልህ። ሦስት ቤት ያሉ ጎረቤቶቼ አሁን ሽሮ በስሟ ይጠሯታል።

ከሌላ ስቴት መጥታችሁ መኪና ውስጥ እያደራችሁ በ16ኛው ቀን መብራታችንን ላበራችሁ፣ ስንጮህ ሰምታችኋል፤ ያ ጩኸት ምስጋና ነበር።

የቤታችን ኢንሹራንስ በዚህ ዝርዝር ውስጥ የለም። ስሙንም አልጠራም። "ጎርፍ ለብቻው ነው የሚገዛው" አለን። እውነቱን ነው፣ ውሉ ላይ ተጽፏል። ተራራ ላይ ቁጭ ብሎ የጎርፍ ኢንሹራንስ የሚገዛ ሰው ግን እስካሁን አላገኘሁም።

ዛሬ ሕዳር ሲታጠን ነው። በመንገዱ ግራና ቀኝ የሰፈሩ ዕቃ ተከምሯል፤ ፍራሽ፣ ግድግዳ፣ በቴፕ የታሸገ ፍሪጅ፣ የልጄ ብስክሌት። እናቴ ጠዋት ክብሪት ይዛ ወጣች። ሮጬ ያዝኳት። ቆሻሻ በሕዳር ሚካኤል ካልታጠነ መች ይታጠናል ብላ ተቆጣች። ተስማማንና ከክምሩ ራቅ ብላ ትንሽ ዕጣን አጨሰች። ባለ አንቴናው በረንዳው ላይ ሆኖ አየንና አንድ ጣቱን ብድግ አደረገ።

በሚቀጥለው ሐሙስ የታንክስጊቪንግ ግብዣ ከጎረቤታችን ቤት ነው። ያኔ እኛ ጾም ላይ ነን። እናቴ ፎሶሊያ ትበላለች ብዬ ነበር፤ እዚህ አገር ፎሶሊያው በአሳማ ነው የሚቀቀለው አሉኝ። የእሷን ለብቻው እንደሚያበስሉላት ትናንት ነገሩን።

አሁን ወደ ሥራ። ወጥ ቤቴ ውስጥ አሥራ አንድ የሰው ሳህን አለ። ስምንቱ ከሥሩ ቴፕ ላይ ስም ተጽፎበታል፤ ሦስቱ የለውም። በእኛ አገር የሰው ሳህን ባዶውን አይመለስም፣ ውኃ እስኪመጣ የቆየሁትም ለዚህ ነው። እሁድ ጾም ስለሚገባ ቅዳሜ ከስምንት ሰዓት ጀምሮ፣ በእናንተ ሁለት ሰዓት ማለት ነው፣ ዶሮ ይኖራል፣ ቡናም ይፈላል። ወንበር ያላችሁ ይዛችሁ ኑ። አረንጓዴ ክዳን ያለው ትልቁ ሳህን ግን የማን እንደሆነ ፈጽሞ አልታወቀም። መኮሮኒ በአይብ ነበር የመጣበት። ትንሹ ልጄ ባለቤቱን ይፈልጋል።