ወደ አክራ ለሚጓዙ ልጆች ስንቅ እናሰናዳ

አከርካሪያቸው ክፉኛ የጎበጠ ኢትዮጵያውያን ልጆች ለቀዶ ሕክምና ወደ ጋና መሄድ ከጀመሩ ዓመታት ተቆጥረዋል። አዲስ አበባ ላይ አሜሪካዊው ሐኪም ዶክተር ሪክ ሆድስ ይመረምሯቸዋል፤ አክራ ላይ ደግሞ ጋናዊው የአከርካሪ ቀዶ ሐኪም ዶክተር ኦሄኔባ ቦአቺ አጄ የመሠረቱት፣ እ.ኤ.አ. በ2012 የተከፈተው ሆስፒታል ይቀበላቸዋል። ለቀዶ ሕክምናው ለጋስ አይጠፋም። ከዚያ በፊት ስላለው ረጅም ጊዜ የሚያስብ ግን ጥቂት ነው፤ እኛ የአንድ ሠፈር እድርተኞች የተነሣነውም ለዚያ ጊዜ ነው።

ጉብጠቱ የከፋ ልጅ እንደደረሰ ወደ ቀዶ ሕክምና ክፍል አይገባም። ለዓመታት የተጣመመን አከርካሪ በአንድ ቀን ማቅናት ሕብለ ሰረሰርን ጎድቶ እግርን ሽባ ሊያደርግ ይችላል። ስለዚህ ልጁ ሰመመን ተሰጥቶት በራስ ቅሉ ዙሪያ የብረት ቀለበት በብሎን ይታሰርለታል፤ ከቀለበቱ የተነሣው ገመድ በመዘውር አልፎ ክብደት ይንጠለጠልበታል። ይህ ትራክሽን ይባላል። በጥቂት ኪሎ ተጀምሮ ቀስ በቀስ እየተጨመረ የሰውነትን ክብደት እስከ ግማሽ ሊደርስ ይችላል፤ 24 ኪሎ የምትመዝን ልጅን 12 ኪሎ ወደ ላይ ይስባታል ማለት ነው። ለሰሚው ያስደነግጣል። ልጆቹ ግን የመጀመሪያዎቹ ቀናት የራስና የአንገት ሕመም ካለፈ በኋላ መዘውሩ በተገጠመለት ተሽከርካሪ ወንበር ይንሸራሸራሉ፣ መደገፊያ ይዘው ይራመዳሉ። ሐኪሞቹም ዓይናቸውን ማዞር፣ ምላሳቸውን ማውጣት፣ እጃቸውን መጨበጥ እንደሚችሉ እየተከታተሉ፣ ከእነዚህ እንቅስቃሴዎች አንዱ ከደከመ ክብደቱን ይቀንሳሉ።

ስንቅ ከዚህ ጋር ምን አገናኘው? የተጣመመ ደረት ሳንባንም ጨጓራንም ይጫናል። ልጁ ሁለት ጉርሻ ጎርሶ ጠገብኩ ይላል፤ ለመተንፈስ ብቻ ግን ብዙ ጉልበት ያፈስሳል። ስለዚህ ይከሳል፤ የከሳ ሰውነት ቁስል ደግሞ ቶሎ አይሽርም፣ በቀላሉም ያመረቅዛል። አከርካሪው በትራክሽን ሲላላ ሰውነቱም አብሮ መጠንከር አለበት። ሆስፒታል ምግብ አያጣም፤ ነገር ግን ከጎጃም ወይም ከባሌ ገጠር የሄደ ልጅ የማያውቀውን ምግብ ቀመስ አድርጎ ይተወዋል። ጥቂት ማንኪያ ጭኮ ግን ቦታ ሳይወስድ ብዙ ኃይል ይሰጣል፤ የእናት ቤትንም ያስታውሳል።

ስለዚህ ገብስ፣ የተነጠረ ቅቤ፣ ሽሮና ድርቆሽ እንሰበስባለን። ልብስም ያስፈልጋል፤ አንገቱ በቀለበቱ ላይ የሚያልፍ ልብስ ስለሌለ ፊት ለፊት በቁልፍ የሚዘጋ ሸሚዝ ወይም በዚፕ የሚከፈት ሹራብ ብቻ አምጡ። አሮጌ ቲሸርት በከረጢት ጠቅጥቆ ማምጣት እርዳታ አይደለም፤ ለእኛ የመለየት ሥራ ነው። የሠፈራችን ልብስ ሰፊዎች ጨርቅ ካገኙ ያለ ክፍያ ለመስፋት ፈቃደኞች ናቸው።

ወደ አክራ የምትበርሩ ነጋዴዎች ከሻንጣችሁ ጥቂት ኪሎ ልቀቁልን። በውጭ ያላችሁ ወገኖቻችን በገንዘብ ብትረዱን ቅቤውን እዚሁ እንገዛለን። ለሚሰጥ ሁሉ ገንዘብ ያዣችን ደረሰኝ ይቆርጣል፤ ደረሰኝ ሳትቀበሉ ለማንም አትስጡ።

በርበሬ ያሰባችሁ ደግሞ ዛላውን አምጡልን። ለልጆች ስለሆነ ለዘብ አድርገን በጋራ እናስፈጨዋለን።