ለእማዬ፦ ስለደበቅሽኝ ደም

እማዬ፣

በስልክ ልነግርሽ ነበር። ግን ገና «ሰገራ» ከማለቴ «ተይ እባክሽ፣ ሰው ይሰማል» ብለሽ እንደምትዘጊብኝ ስለማውቅ ጻፍኩት። መነጽርሽን አድርጊና ብቻሽን አንብቢው።

ለፋሲካ ደሴ ስመጣ አይቻለሁ። ቡና ስታፈዪ ዱካው ላይ በአንድ ጎንሽ ነበር የተቀመጥሽው። ማታ ደግሞ ሁሉም ከተኛ በኋላ የውስጥ ልብስሽን አጥበሽ ከጓሮ፣ ከጌሾው ጀርባ አሰጣሽው። አንቺ እኮ በማታ ልብስ አታጥቢም! ጠዋት ስጠይቅሽ «ኪንታሮት ነው፣ የአሮጊት ነገር» አልሽኝ። ማን አይቶሽ?

ሊሆን ይችላል። ሆድ ሲደርቅ ሰገራው ይጠጥራል፤ ስታምጪ ወይ የፊንጢጣው ቆዳ ይሰነጠቃል፣ ወይ እዚያ ያሉት ደም ሥሮች አብጠው ይደማሉ። ኪንታሮት የሚባለው ሁለተኛው ነው። ስንጥቁ እንደ ምላጭ ያቃጥላል፣ ኪንታሮቱ ግን ብዙ ጊዜ ሳያም ነው ደማቅ ቀይ ደም ጠብ የሚያደርገው። እኔም ደርሶብኛል። ሁለተኛዋን ወልጄ አንቺ ገንፎ ስታጎርሺኝ፣ ሽንት ቤት ገብቼ አልቅሼ እወጣ ነበር። ደበቅኩሽ። ከማን ወረስኩት መሰለሽ?

አሁን እንቅልፍ የነሳኝን ልንገርሽ። አምና ደም ማነስ አለብሽ ተብለሽ የአይረን ክኒን ተሰጠሽ። አይረን ደግሞ ሆድ ያደርቃል። ሲደርቅ ታምጫለሽ፣ ስታምጪ ይደማል፣ ሲደማ ደምሽ ያንሳል፣ ከዚያ እንደገና ክኒን። ግን መጀመሪያ ደም ማነሱ ከየት መጣ? ክኒኑን ያዘዘልሽ ሰው ከታች ይደማሻል ወይ ብሎ አልጠየቀሽም፤ አንቺም አፍረሽ አልነገርሽውም። በ68 ዓመት ሰው ላይ ሁለቱ አብረው ሲታዩ ኪንታሮት ነው ተብሎ አይታለፍም። የትልቁ አንጀት ካንሰርም እንዲህ ሆኖ ሊጀምር ይችላል። ነው እያልኩሽ አይደለም እማ፤ ግን ሳይታይ አይታወቅም፣ ቶሎ ከተገኘ ደግሞ ይታከማል።

ክኒኑ ሰገራ ያጠቁራል፣ እሱ አያስደንግጥሽ። (ቀይ ስር በልተሽም ቀይ ብታዪ እንዲሁ።) እንደ ሬንጅ የሚያጣብቅና የሚከረፋ ጥቁር ከሆነ ግን፣ ወይ ደሙ ከበዛ፣ ወይ ስትነሺ ካዞረሽ፣ ቀጠሮ አትጠብቂ። ያኔውኑ ሂጂ።

እስከዚያው ውሃ ጠጪ። የሰኔ ጾም ሲገባ እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳትቀምሺ መዋል ለዚህ ሆድ አይሆንም፤ ለንስሐ አባትሽ ንገሪያቸው፣ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። ነጭ ዳቦና ሻይውን ቀንሺ። ጎመን፣ ምስር፣ ፓፓያ ብዪ። ተልባውም ጥሩ ነው፣ ግን ብዙ ውሃ ካልጠጣሽበት ይብስብሻል። ደግሞ ሽንት ቤቱ የጋራ ነው ብለሽ ሰው እስኪጠፋ አትያዢው፤ በያዝሽው ቁጥር ይደርቃል። ሲያምሽ ሳፋ ውስጥ ለብ ያለ ውሃ አድርገሽ 10 ወይም 15 ደቂቃ ተቀመጪበት፣ ምንም ሳትጨምሪ። ያ ኪንታሮት ነቃይ ነኝ የሚለው ሰውዬ ጋ ግን እግርሽ እንዳይረግጥ! ቅጠሉ ቆዳሽን አቃጥሎ ሌላ ቁስል ነው የሚያተርፍልሽ።

ቀጠሮ ይዤልሻለሁ፣ ማክሰኞ ጠዋት 3 ሰዓት። ሐኪሟ ሴት ናት፣ ጠይቄ ነው። ጓንት አድርጋ በጣቷ ታይሻለች፣ ብዙም አይፈጅም። ኮሎኖስኮፒ ካዘዘች ደግሞ አዲስ አበባ እኔ ጋ ትመጫለሽ፤ ጫፉ ላይ ካሜራ ባለው ቀጭን ቱቦ አንጀትሽን ከውስጥ ያዩታል።

ሰኞ ማታ እደርሳለሁ። የክኒኑን ማሸጊያ እንዳትጥይው፣ ይዘነው እንገባለን። ጎረቤት ከጠየቀሽ ዓይኔን ልታይ ነው በይ።

ልጅሽ