«ጥድና ረግረግ ብቻ» ስለተባለው ጠረፍ

ለጋዜጣው ዋና አዘጋጅ

ጤና ይስጥልኝ። ልጄ ጋዜጣችሁን በስልኳ ከፍታ ትሰጠኝና ፊደሉን አሳድጌ ከርዕሰ አንቀጹ እስከ ሐዘን መግለጫው ድረስ አነባለሁ። በቅርቡ ስለ ፍሎሪዳ የዕረፍት ጉዞ ያወጣችሁትንም እንዲሁ ሳላስቀር አንብቤዋለሁ። ጽሑፉ ለባለ ቤተሰብ የሚጠቅም ምክር አለበት። አንድ ቦታ ላይ ግን በጣም ቅር አለኝ። ጸሐፊው ከአትላንታ ወደ ኦርላንዶ ለሚነዱ ሰዎች ሲመክር፣ ከፍሎሪዳ ዋና ከተማ ከታላሃሲ በታች ያለው ጠረፍ «ጥድና ረግረግ ብቻ» ስለሆነ መንገድ ለውጦ መሄድ አያስፈልግም ብሏል።

እኔ በዚያ ረግረግ ዳር መመላለስ ከጀመርኩ ስድስተኛ ዓመቴን ይዣለሁ። ጥድ መሆኑም ረግረግ መሆኑም እውነት ነው። ይህን ደብዳቤ የምጽፈው «ብቻ» ስለምትለው ቃል ነው።

ከታላሃሲ ወደ ደቡብ 40 ኪሎ ሜትር ያህል ተነድቶ ኒውፖርት የምትባል ትንሽ መንደር ሲደረስ፣ ወደ ባሕሩ የሚታጠፍ መንገድ አለ። ወደ ሴንት ማርክስ ብሔራዊ የዱር እንስሳት መጠለያ የሚያስገባው እሱ ነው። መጀመሪያ ቀልቤን የሳበው ስሙ ነበር። ቅዱስ ማርቆስ ማለት እኮ ነው። ስፔኖች በ1679 (እዚህ የምጠቅሰው ዘመን ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ነው) በአካባቢው የእንጨት ምሽግ ሠርተው ሳን ማርኮስ አሉት፤ ስሙ ከዚያ ተወርሶ ቀረ። ማርቆስ ለእኛ በእስክንድርያ መንበር በኩል የምናውቀው ወንጌላዊ ነው። ከአገሬ ይህን ያህል ርቄ፣ በጨው ውኃ ዳር ስሙ በእንጨት ሰሌዳ ላይ ተጽፎ ሳየው ዘመድ ሰላም ያለኝ ያህል ተሰማኝ።

ከጎብኚዎች ማዕከሉ እስከ ባሕሩ 11 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። መጀመሪያ ረጃጅም ጥድ ይመጣል። ቀጥሎ በግራና በቀኝ ኩሬዎች፣ ከዚያ ዘንባባ፣ ከዚያ እስከ ዓይን ማድረሻ የተዘረጋ የጨው ረግረግ ሣር። መንገዱ የሚያልቀው ባሕሩ ላይ ነው፤ እዚያ ጫፍ ላይ አንድ ነጭ የመብራት ማማ ብቻውን ቆሟል።

የማማውን ታሪክ ሳነብ የመምህርነት ዘመኔ ትዝ አለኝ። 27 ዓመት ፊዚክስ አስተምሬአለሁ፤ ተማሪ መልሱን ብቻ ጽፎ አሠራሩን ሲዘል አላሳልፍም ነበር። የመጀመሪያው ማማ ሲሠራ ውሉ «ግድግዳው ድፍን ይሁን» ይል ነበር። ሠሪዎቹ ግን መሐሉን ባዶ አድርገው ሠሩት። ከውጭ ለሚያየው ልዩነት የለውም። የወደቡ ቀረጥ ሰብሳቢ የነበረው ጄሲ ዊሊስ አልረከብም ብሎ ድርቅ አለ፤ ማማውም እንደገና በድፍን ግድግዳ ተሠርቶ በ1831 ተጠናቀቀ። ባሕሩ መሬቱን እየበላ ስላስቸገረ ደግሞ በ1842 ወደ ውስጥ ፈቀቅ ተደርጎ ታነጸ። በማግስቱ ዓመት፣ በሴፕቴምበር 1843፣ ከባድ ማዕበል መጣ። በአቅራቢያው የነበረችውን ፖርት ሊዮን የተባለች የወደብ ከተማ ጠራርጎ አጠፋት። የተረፉት ሰዎች ወደ ውስጥ ገብተው አዲስ ሰፈር ቆረቆሩ፤ ስሟንም ኒውፖርት፣ አዲስ ወደብ፣ አሏት። ዛሬ መኪናችንን የምናጥፍባት መንደር ያቺው ናት። ከተማይቱ ጠፍታ ማማው ቆመ። ያ ሰው ባዶውን ግድግዳ ተረክቦ ቢሆን ኖሮ ምን ይሆን ነበር እያልኩ ግንቡ ሥር ቆሜ ብዙ ጊዜ አስባለሁ።

ከዚያም ወዲህ ማማው ብዙ አይቷል። በ1865፣ በአሜሪካ የእርስ በርስ ጦርነት ጊዜ፣ የሰሜኑ ጦር አጠገቡ ወርዶ ወደ ታላሃሲ ሊዘልቅ ሲል ናቹራል ብሪጅ የተባለ ቦታ ላይ ተመትቶ ተመልሷል። ጠባቂዎቹ ከነቤተሰባቸው በሥሩ ኖረዋል፤ በሃያኛው መቶ ዘመን መጀመሪያ ላይ ባሏ የሞተባት ሣራ ፋይን ራሷ መብራቱን ተረክባ ለዓመታት ጠብቃለች። በ1960 መብራቱ ያለ ሰው የሚሠራ ሆነ። በ2013 ማማው ወደ መጠለያው አስተዳደር ተዛወረ፤ ታድሶም በ2019 እንደገና በራ።

እባካችሁ የጎብኚዎች ማዕከሉን ሳትገቡ አትለፉ። የማማው የድሮ ሌንስ እዚያ ተቀምጧል፤ አሁን ላይ የሚበራው በእሱ አምሳል የተሠራ ነው። ፈረንሳዊው ፍሬኔል በ1820ዎቹ የቀየሰው ዓይነት ሌንስ ነው። እኔ የብርሃንን ስብረት ያስተማርኩት በአንድ ብርጭቆ ውኃና በአንድ እርሳስ ነበር። እርሳሱ ውኃ ውስጥ ሲገባ የተሰበረ ይመስላል፣ ልጆቹ ይገረማሉ፣ ደወሉ ይደወላል፣ አለቀ። እዚህ ግን ያው ትምህርት የመርከበኛ ሕይወት ሲያተርፍ አየሁት። የመስተዋት ፕሪዝሞቹ ቀለበት ቀለበት ሆነው ከላይ እስከ ታች ተደርድረዋል። መሐላቸው ትንሽ የዘይት መብራት ሲቀመጥ፣ ወደ ሰማይ ሊባክን የነበረውን ብርሃን የላይኞቹ ቀለበቶች ወደ ታች ይሰብሩታል፤ ወደ መሬት የሚሄደውን የታችኞቹ ወደ ላይ ያቃኑታል፤ ሁሉም ተሰብስቦ በአንድ ወገብ ወደ አድማስ ይወጣል። የልጅ ልጄ በወዲያ በኩል ሄዳ ስትቆም በመስተዋቱ ውስጥ አየኋት። ፊቷ በየቀለበቱ ተቆራርጦ አንዱ ጋ ዓይን፣ አንዱ ጋ ግንባር፣ መሐል ላይ ደግሞ ተገልብጣ ነበር። «አባባ፣ ስንት ነኝ?» አለችኝ። በዚያን ቀን ያስረዳኋትን ያህል ክፍል ውስጥ አስረድቼ አላውቅም።

አሁን ስለ ረግረጉ ልናገር። መጠለያው የተቋቋመው በ1931 ነው፤ ከሰሜን ብርዱን ሸሽተው ለሚመጡ ወፎች ማረፊያ እንዲሆን። ከመኪና የምታዩዋቸው ኩሬዎች ብዙዎቹ የሰው እጅ ሥራ ናቸው። በ1930ዎቹ፣ ሥራ በጠፋበት ጊዜ፣ መንግሥት ያደራጃቸው ወጣቶች አፈር እየቆለሉ ግድብ ሠርተው ውኃውን ከለሉት። ዛሬም ሠራተኞቹ በመዝጊያ በር ውኃውን ያስገቡታል፣ ያስወጡታል። ውኃው ሲቀንስ ጭቃው ላይ ቀጫጭን እግር ያላቸው ወፎች ይለቅማሉ፤ ሲሞላ ዳክዬዎች ይመጣሉ። እንግዲህ ይህ ረግረግ መስኖን ያህል ልፋት የሚፈስበት ቦታ ነው።

እዚህ ያረፈው እንግዳ ብዙ ነው። ሁፒንግ ክሬን የሚባሉት ትልልቅ ነጫጭ ወፎች በ1941 በዓለም ላይ 25 እንኳ አልቀሩም ነበር። ከእጅ ያደጉ ጫጩቶች ነጭ ልብስ ለብሶ ሰውነቱን የደበቀ ሰው በሚያበርራት ትንሽ አውሮፕላን እየተመሩ ከዊስኮንሲን እዚህ ድረስ ይመጡ ነበር፤ ከ2009 ጀምሮ ለጥቂት ዓመታት የብርዱን ወራት እዚህ አሳልፈዋል። በኦክቶበር 2018 ደግሞ ማይክል የተባለው አውሎ ነፋስ ካለፈ በኋላ አንድ ፍላሚንጎ ኩሬዎቹ ላይ ተገኘ፤ ብቻውንም ለዓመታት እዚያው ቆየ። አብያታ ላይ ዘመዶቹን በመንጋ አይቻለሁ፤ ሐይቁ ዳር ሮዝ ምንጣፍ ይመስሉ ነበር። ያንን አንዱን ከሩቅ ቆሞ ሳየው ግን ከመንጋው ሁሉ ይልቅ አንጀቴን በላው። ሰውም እንዲህ ሆኖ ይቀራል፤ ነፋስ ያመጣው ቦታ ላይ።

አሁን የሚከብደኝን ነገር ልጻፍ። ባለፈው ጥር አንድ ኩሬ ዳር ቆሜ ነበር። ዳክዬዎቹ በመቶዎች ውኃው ላይ ተቀምጠው ይመገባሉ፤ ድምፃቸው ከሩቅ ገበያ እንደሚሰማ ጫጫታ ነው። አንድ ቤተሰብ መጣ፤ በአማርኛ ሲያወሩ ሰምቼ ደስ አለኝ፣ ሰላም ልላቸው ዞርኩ። ከመሐላቸው አንዱ ወጣት ስልኩን ለሌላው ሰጥቶ «ሲነሱ ቅረጸኝ» አለና ድንጋይ ወረወረ። ሁሉም በአንድ ጊዜ ተነሡ። ሰማዩ ጠቆረ፣ ልጆቹ ጮኹ፣ ቪዲዮው ተቀረጸ። ጠጋ ብዬ «ልጄ፣ ምነው?» ብለው በጨዋነት «አባቴ፣ ወፍ እኮ ነው» አለኝ።

መልስ አልሰጠሁትም። ያልሰጠሁት መልስ ጠፍቶኝ አልነበረም። እኔ ይፋት ቆላ ያደግሁ ልጅ ነኝ። ማሽላው ሲያፈራ ማማ ላይ ወጥተን ከንጋት እስከ ማታ ግሪሳ እንጠብቅ ነበር። ወንጭፌ ድንጋይ አይስትም ነበር። ማማ ማለት ለእኔ ወፍ የሚባረርበት ቦታ ነው። ካላባረርን እኛ ልንራብ ነበርና አልጸጸትበትም። ግን በዚያ ሥራ አንድ ነገር አውቄአለሁ፤ ወፍን የሚያሸንፈው ድንጋዩ አይደለም፣ ድካም ነው። ደጋግመህ ካስነሣኸው መብላት አይችልም፣ እየከሳ ይሄዳል። እኛ የምንፈልገውም ያንን ነበር። ለመብረር የሚያወጣው ጉልበት ተቀምጦ ከሚያወጣው ብዙ እጥፍ ነው፤ ያንን የሚተካው በምግብ ብቻ ነው። እዚህ ያሉት ዳክዬዎች ስብ አጠራቅመው በጸደይ ወደ ሰሜን መመለስ አለባቸው። የአንድ ደቂቃ ቪዲዮ ከዚያ ስንቅ ላይ ይቀነሳል። ለወጣቱ ይህን ልነግረው ሲገባ ጉሮሮዬ ተዘግቶ ቆምኩ፤ እነሱም ሄዱ። ስለዚህ ጋዜጣችሁን የሚያነብ ከሆነ እዚህ ያግኘው።

ማማው አጠገብ ስቆም ሁልጊዜ የሚገርመኝ ይኼ ነው። እኔ የማውቀው ማማ ወፍ ያባርራል፤ ይህኛው ግን በወፍ ተከብቦ ቆሟል።

ለመምጣት የሚያስብ ሰው ከጠየቀኝ፣ በኦክቶበር መጨረሻ ኑ እላለሁ። ሞናርክ የሚባሉት ብርቱካናማ ቢራቢሮዎች ወደ ሜክሲኮ ሲጓዙ ከባሕሩ ዳር ይሰበሰባሉ። እያንዳንዳቸው ግማሽ ግራም ያህል ይመዝናሉ፤ ከፊታቸው ያለው የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ነው። አምና ከልጅ ልጄ ጋር ማልደን ደረስን። ብርድ ስለነበር ነጭ አበባ ባለው ቁጥቋጦ ላይ ክንፋቸውን ገጥመው ተንጠልጥለዋል፤ የደረቀ ቅጠል ነው የሚመስሉት። «አባባ፣ ሞተው ነው?» አለች በሹክሹክታ። ዝም ብለሽ ጠብቂ አልኳት። ፀሐይዋ ከዘንባባዎቹ በላይ ስትወጣ አንዱ ክንፉን ከፈተ፤ ቀጥሎ ጎረቤቱ፤ ከዚያ ቁጥቋጦው በሙሉ ፍም የተበተነበት መሰለ። ልጅቷ እጄን ጨብጣ ሩብ ሰዓት ያህል ቃል አልተነፈሰችም። ዘጠኝ ዓመቷ ነው፤ ልጅ ያሳደገ ሰው ሩብ ሰዓት ምን ያህል እንደሆነ ያውቃል።

ስለ ወጪው አትጨነቁ። እኔ ዜግነት ካገኘሁ በኋላ 62 ዓመት ለሞላው ሰው የሚሰጠውን የዕድሜ ልክ ማለፊያ በ80 ዶላር አውጥቼ መኪናው ሙሉ ይገባል። አራተኛ ክፍል ልጅ ያለው ደግሞ ልጁ የዓመት ነጻ ማለፊያ ያገኛል። ወይም 25 ዶላር አውጥታችሁ የዳክዬ ቴምብር የሚባለውን ግዙ፤ እሱም ያስገባል። ከ1934 ጀምሮ የሚሸጥ ነው፤ ከእያንዳንዱ ዶላር 98 ሳንቲሙ እንዲህ ያለ መሬት ለመግዛትና ለመጠበቅ ይውላል። የሚጠጣ ውኃና የትንኝ መከላከያ አትርሱ። ኩሬ ዳር የተኛውን አሊጌተር፣ ያንን የአዞ ዘር፣ ዳቦ አትወርውሩለት። በፍሎሪዳ ሕግ የተከለከለ ነው፤ ሰው ያበላው አሊጌተር ሰውን መፍራት ይተዋል፤ በመጨረሻ የሚገደለውም እሱ ነው። ድሮን ማስነሣትም አይፈቀድም።

ክቡር አዘጋጅ፣ ጉዳዬ ሁለት ነው። የጉዞ ጽሑፉን ደግማችሁ የምታወጡት ከሆነ «ብቻ» የምትለውን አውጡልኝ። ሌላው፣ ስለ እንዲህ ያለ ቦታ ስትጽፉ «ላይትሃውስ» ከማለት «የመብራት ማማ» ብትሉት ደስ ይለኛል። የልጅ ልጄ ቃሉን ይዛዋለች፤ በሚቀጥለው ኦክቶበር አራተኛ ክፍል ስለምትሆን በራሷ ማለፊያ እኔን ልታስገባኝ ቀጠሮ ይዘናል።

ከአክብሮት ጋር
ጡረተኛ የፊዚክስ መምህር፣ ታላሃሲ፣ ፍሎሪዳ