የአህጉራት መንቀሳቀስ በልኬት የተረጋገጠ ነው

ለተከበሩ የጋዜጣው ዋና አዘጋጅ፤

በአፋር ስላለው የመሬት መሰንጠቅ በቅርቡ ባወጣችሁት ጽሑፍ፣ አህጉራት ይንቀሳቀሳሉ የሚለው ሐሳብ ከአፍሪካና ከደቡብ አሜሪካ ጠረፎች መመሳሰል የመነጨ ግምት ተደርጎ መቅረቡ ስላሳሰበኝ ይህን ደብዳቤ ጽፌአለሁ።

የጠረፎቹ መመሳሰል ከማስረጃዎቹ ሁሉ ደካማው ነው። ጀርመናዊው አልፍሬድ ቬገነር ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1912 ሲያቀርብ እንኳ በካርታ ብቻ አልተወሰነም፤ ሰፊ ውቅያኖስ በዋና ሊሻገር የማይችለው ሜሶሳውረስ የተባለ ተሳቢ እንስሳ ቅሪተ አካል በደቡባዊ አፍሪካም በብራዚልም መገኘቱን ጠቅሷል። ሆኖም አህጉራቱን የሚገፋው ኃይል ምን እንደሆነ አሳማኝ በሆነ መንገድ ማስረዳት ስላልቻለ አብዛኞቹ የዘመኑ ሊቃውንት አልተቀበሉትም።

ክርክሩን የቋጨው የባሕር ወለል ነው። በውቅያኖስ መካከል ከተዘረጋው የተራራ ሰንሰለት ሥር የሚወጣው ቅልጥ ዓለት ሲቀዘቅዝ፣ በውስጡ ያሉት ብረት አዘል ማዕድናት በዚያን ጊዜ የነበረውን የምድር መግነጢስ አቅጣጫ ይዘው ይቀራሉ፤ የምድር መግነጢስ ደግሞ በረጅሙ ዘመን ውስጥ ብዙ ጊዜ ተገልብጧል። እ.ኤ.አ. በ1963 ቫይንና ማቲውስ የተባሉት ተመራማሪዎች እንዳስረዱት፣ ወለሉ ከመካከል እየተፈጠረ ወደ ግራና ቀኝ የሚገፋ ከሆነ፣ በሰንሰለቱ አንድ ወገን የሚታየው የመግነጢስ ቅደም ተከተል በሌላው ወገንም መታየት አለበት፤ በኋላ የተደረጉት ልኬቶችም ይህንኑ አሳዩ። ግሎማር ቻሌንጀር የተባለችው መርከብ እ.ኤ.አ. በ1968 የደቡብ አትላንቲክን ወለል ስትቆፍር ደግሞ ከሰንሰለቱ በተራቀ ቁጥር የወለሉ ዕድሜ እየጨመረ እንደሚሄድ ተረጋገጠ። ቁፋሮው ሐሳቡን ውድቅ ሊያደርገው ይችል ስለነበር፣ በእኔ እምነት ከዚህ የሚበልጥ ማስረጃ የለም። በአህጉራት ላይ 4 ቢሊዮን ዓመት የሚጠጋው ዓለት ሲገኝ፣ የአትላንቲክ ወለል ግን 200 ሚሊዮን ዓመት እንኳ አለመሙላቱም ከዚሁ ጋር ይስማማል።

እኛ ጎንደሬዎች ለዚህ ጉዳይ ባዕድ አይደለንም። የሰሜን ተራሮች የተገነቡበት ባዛልት የተባለው የእሳተ ገሞራ ዓለት የፈሰሰው ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት ሲሆን፣ በዚያው ዘመን የፈሰሰ ባዛልት ከቀይ ባሕር ማዶ በየመን ደጋዎችም ተነጥፎ ይገኛል፤ ሁለቱን የለያቸው ዓረቢያ ከአፍሪካ እየራቀች መሄዷ ነው። ይህ መራራቅ ዛሬም በጂፒኤስ የሚለካ ሲሆን፣ በደቡባዊው ቀይ ባሕር በዓመት ከ1 እስከ 2 ሳንቲ ሜትር ይደርሳል። እንቅስቃሴው ግን ሁልጊዜ አዝጋሚ አይደለም፤ በመስከረም 1998 ዓ.ም. በአፋር ዳባሁ አካባቢ 60 ኪሎ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው ስምጥ፣ ቅልጥ ዓለት ከሥር ሰርጎ ስለገባበት፣ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ እስከ 8 ሜትር ተከፍቷል። ይህ ሁሉ በሳተላይት ተለክቷል።

ስለዚህ ጽሑፉን እንድታርሙልን፣ ወደፊትም ስለ አፋርና ስለ ስምጥ ሸለቆ የመሬት መንቀጥቀጥ በምትዘግቡበት ጊዜ የአገራችንን የሥነ ምድር ምሁራን እንድታነጋግሩ በአክብሮት እጠይቃለሁ። ተማሪዎቻችን ጋዜጣችሁን ያነባሉና።

ከአክብሮት ሰላምታ ጋር፤
የጂኦግራፊ መምህር፣ ጎንደር