ጽሑፉን እኔ ልያዝልዎ

ይድረስ ለውድ አባቴ፣

አባባ፣ ጤናዎ እንዴት ነው? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነን። ትንሿ ሁለት የፊት ጥርሷ ወልቆ ስትስቅ ቁርጥ እርስዎን ሆናለች። ትልቁ ከኳስ በቀር የሚያየው የለም፤ ጫማ በሦስት ወር ይጨርሳል። ስለ ልጆቹ የማበዛው ሌላው አልወጣ ብሎኝ ነው።

ወደ መድረክ ሊመለሱ መሆኑን ወንድሜ ነገረኝ። በዚያው ሰሞን «በርድማን» የሚባል እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣ ፊልም አየሁ። ድሮ የወፍ ልብስ ለብሶ ጀግና በመሆን ስም ያወጣ፣ አሁን ግን የተረሳ ተዋናይ፣ ኒው ዮርክ ብሮድዌይ ላይ ተውኔት አዘጋጅቶ ራሱ ሊተውን ይነሳል። የዚያ የወፍ ድምፅ ጆሮው ሥር ሆኖ መቀመጫ ይነሳዋል። የሚሠራው ማይክል ኪተን ነው፤ እሱም ራሱ እ.ኤ.አ. በ1989 እና በ1992 ባትማን የሚባለውን የሌሊት ወፍ ልብስ የለበሰ ጀግና ሆኖ ሠርቷል። ፊልሙ ከሞላ ጎደል ሳይቆረጥ የተቀረጸ ይመስላል። ተዋንያኑ ረጅም ረጅሙን ትዕይንት ሳይሳሳቱ መዝለቅ ነበረባቸው፤ አንዱ ከሳተ ሁሉም ከሥር ይጀምራል።

ወጥ ቤታችን ትዝ አለኝ። ተውኔት ሲያጠኑ በርጩማዋ ላይ ተቀምጬ ጽሑፉን እይዝልዎ ነበር፤ ጣቴ ከመስመሩ አይነሳም። አንዲት ቃል ሲዘሉ ጠረጴዛውን አንኳኳለሁ፣ ተመልሰው ይጀምራሉ። እማዬ ሽንኩርት እየከተፈች ከሁለታችን ቀድማ ትለዋለች።

ፊልሙ ውስጥ ሴት ልጁ ትጮኽበታለች፤ ማንም አያስታውስህም ዓይነት ነገር። ተናግራ ስትጨርስ ካሜራው ከእሷ ፊት አይነሳም። የወረወረችው ቃል መልሶ እሷኑ ሲያማት ይታያል። እዚያ ላይ አስቁሜው ወጣሁ።

አባባ፣ የእማዬ ሠልስት ማታ ከድንኳኑ ተነስተው ወደ ቲያትር ቤት ሄዱ። ለቀስተኛው ሁሉ የሚያየው እኔን ነበር። ሲመለሱ የፊት ቀለሙ አንገትዎ ላይ ቀርቶ ነበር። «ከእማዬ መድረኩ ይበልጥብዎታል» አልኩዎት። አልመለሱልኝም፤ ጋቢዎን ደርበው ሰው መሀል ተቀመጡ። ያ ማታ እስከዛሬ ያንገበግበኛል። ያልኩትም ያንገበግበኛል።

በቀደም በስልክ ትንሿን በእማዬ ስም ጠሯት። እሷ ሳቀች፤ እኔ ግን ስልኩን ዘግቼ መኪና ውስጥ ብዙ ተቀመጥኩ። ከፒያሳ ወደ አራት ኪሎ ሲመለሱ መንገዱ ጠፍቶብዎ እንደነበርም ሰማሁ። ወንድሜን አይቆጡት፤ ጨቅጭቄ ያስወጣሁት እኔ ነኝ።

ይተዉት አልልም። መድረክ ከልክዬዎት ቤት ቢውሉ ምን እንደሚሆኑ አውቃለሁ። ልምምድ ከመጀመርዎ በፊት ግን ሐኪም ይይዎ፤ ስለ መርሳቱም ሳይደብቁ ይንገሩት። የግፊት መድኃኒቱን በጾም አያቋርጡ። መነጽሩን በሚመጣ ሰው ልኬያለሁ።

ጽሑፉ ሲሰጥዎ ወንድሜ ገጽ በገጽ ፎቶ አንስቶ በቴሌግራም ይላክልኝ። እሁድ እሁድ እናንተ ጋ ከምሽቱ ሁለት ሰዓት ሲሆን እደውላለሁ። እርስዎ ይበሉት፣ እኔ እይዛለሁ። ሲዘሉ አንኳኳለሁ።

ልጅዎ